ያልነፈሰ ነፋስ

ባሕር ላይ የሚኖር ሰው የጻፈውን የጉዞ መዝገብ ገልጣችሁ ብታዩ፣ ገጹ የሚጀምረው በስሜት ሳይሆን በነፋስ ነው። ነፋሱ ከየት መጣ? በምን ያህል ኃይል ነፈሰ? ባሮሜትሩ ወጣ ወይስ ወረደ? ስንት ሸራ ተሰቀለ፣ ስንቱስ ተጠቀለለ? እኛ የብስ ላይ ያለነው ሰዎች ስለ አየር ጠባይ የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ወሬ ሲያልቅብን ነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ብርድ ነው!» ተባብለን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንገባለን። አሥር ሜትር በማትሞላ ጀልባ ውስጥ ጎጆውን ለቀለሰ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ እሱው ራሱ ነው። ዛሬ ትኩስ ነገር ይቀምስ እንደሆነ፣ ሌሊቱን ሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ ይተኛ እንደሆነ፣ ልብሱ ይደርቅለት እንደሆነ፣ ሲብስም ነገን ያይ እንደሆነ የሚወስነው ነፋሱ ነው። አመሉ ደግሞ አይጨበጥም። ጠዋት ሸራው ተዝለፍልፎ ጀልባዋ እንደ ኩሬ በረጋ ውኃ ላይ ትቆማለች፤ ከሰዓት በኋላ ያው ውኃ ተራራ ሆኖ ይነሣል።

እንግዲህ የባሕር ጉዞ መዝገብ ላይ መዋሸት ከሌላው ውሸት የሚለየው ለዚህ ነው። «እዚህ ቦታ ነበርኩ» ብሎ ለመዋሸት «እዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ነፋስ ነፈሰብኝ» ብሎም መዋሸት ግድ ይላል። ያልነፈሰበትን ነፋስ፣ ያልመታውን ዝናብ መጻፍ አለበት። ይህን ያደረገ ሰው ነበር። ታሪኩን ሦስት መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቺቸስተር እ.ኤ.አ. በ1966 እና 67 ብቻውን ሆኖ፣ ሲድኒ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ፣ ዓለምን በሸራ ጀልባ ዞረ። አገሩ በደስታ አበደች። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጭራሽ ሳያርፍስ መዞር ይቻላል ወይ? «ሰንዴይ ታይምስ» ጋዜጣ በ1968 ይህን ጥያቄ ውድድር አደረገው፤ «ጎልደን ግሎብ» አለው። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻህን ትነሣለህ፤ ወደብ ሳትነካ፣ ከማንም እርዳታ ሳትቀበል፣ በደቡብ ያሉትን ሦስቱን ታላላቅ ርእሰ ምድሮች ዞረህ ትመለሳለህ። ቀድሞ ለገባ ዋንጫ፣ በአነስተኛ ቀናት ለጨረሰ 5,000 ፓውንድ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። የጨረሰው አንድ ሰው ነው።

የጨረሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ይባላል። በ1969 ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ «የራሴ ዓለም» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። የ29 ዓመት ወጣት፣ የንግድ መርከብ መኮንን ነበር። «ሱሃይሊ» የተባለችው ጀልባው ቦምቤይ ላይ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ ርዝመቷ አሥር ሜትር የማይሞላ፣ ቀርፋፋ ናት። ቅኔ ፍለጋ ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው ያዝናል። ደራሲው የሚነግረን ምን እንደተሰበረ፣ በምን እንደጠገነው፣ ቀጥሎ ምን እንደተሰበረ ነው። ገና አትላንቲክ ላይ ሳለ ጀልባዋ ውኃ ታስገባ ጀመር። ዋኝቶ ከሥር ገባና የተከፈተውን ስንጥቅ በጥጥ እየጠቀጠቀ ደፈነው። መሐል ላይ ሻርክ መጣ። ወጥቶ በጠመንጃ ገደለውና ሥራውን ቀጠለ። አሟሟቁልኝ የሚል ቃል የለውም።

ደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ሲደርስ ሞገድ ጀልባዋን በጎኗ አስተኛት። ጣራዋ ከአካሏ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ተናጋ። የመጠጥ ውኃው ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ የሚጠጣውን ከሸራው ላይ ከሚወርድ ዝናብ እየጠራቀመ ነው የኖረው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ያ አልጋውን ያረጠበው፣ እንቅልፍ የነሳው ዝናብ ጥሙን የሚቆርጥለትም እሱው ነው። ሬዲዮው ተበላሸ። ጀልባዋን በራሷ እንድትሄድ የሚያደርገው መሣሪያም ተሰበረ። ኒውዚላንድ አጠገብ ከታየ በኋላ ለአራት ወር ከግማሽ ያህል ድምፁ ጠፋ። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ነበር። ሚያዝያ 22 ቀን 1969 ፋልመዝ ወደብ ገባ። ከተነሣ 312 ቀን ሆኖት ነበር። የጉምሩክ ሰዎች በደንባቸው መሠረት ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት «ከፋልመዝ» አላቸው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የፈረንሳዊው የቤርናር ሞያቴስዬ «ረጅሙ መንገድ» ነው፤ በ1971 ታተመ። ይህ ደግሞ ፍጹም ሌላ ሰው ነው። ኢንዶቺና ተወልዶ ያደገ፣ ባሕርን እንደ ገዳም የሚያይ። የብረት ጀልባውን «ጆሹዋ» ብሎ የሰየማት ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን ዓለምን በመዞር የመጀመሪያ በሆነው በጆሹዋ ስሎከም ነው። መልእክት የሚያስተላልፍበት ሬዲዮ አልያዘም። የሚያልፍ መርከብ ሲያገኝ ደብዳቤውን በላስቲክ ወንጭፍ ይወነጭፋል። ፈጣን ነበር፤ የገንዘብ ሽልማቱን ይወስዳል ብለው የገመቱ ብዙ ናቸው። እሱ ግን በመጋቢት 1969 ኬፕታውን አጠገብ ለሚያልፍ መርከብ አንድ መልእክት ወነጨፈ። ውድድሩን ትቻለሁ፣ ባሕሩ ላይ ደስተኛ ነኝ፣ ምናልባትም ነፍሴን ላድን ነው የሚል። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ጀምሮ ታሂቲ ገባ።

ስለ ነፋስና ስለ ሞገድ እንደዚህ ሰው የጻፈ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚህ መጽሐፍ ጋር አንድ ጠብ አለኝ። የዘመናችን አንባቢ ሞያቴስዬን የሚወደው «ገንዘብና ዝና ንቆ ሄደ» ብሎ ነው። እሺ፣ ናቀ። ነገር ግን ቤት የምትጠብቀው ሚስት ነበረችው። እሷም ባሏ እንደማይመጣ የተረዳችው እንደማንኛውም የጋዜጣ አንባቢ በዚያው በተወነጨፈ ወሬ ነው። የነፍስ መዳን የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሲተረክ፣ የቀረው ሰው ሒሳብ የት ይጻፋል? መጽሐፉ ስለ አሞራዎቹ የሚነግረንን ያህል ስለዚህ ቢነግረን ምን ነበረበት?

ያም ሆኖ ሁለቱ መጻሕፍት የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ከኋላ የሚመጣ ግዙፍ ሞገድ ትንሽ ጀልባን ሲያሳድድ ምን ይደረጋል? ኖክስ ጆንስተን ረጃጅም ገመዶች ከኋላ ለቆ ጀልባዋን ያዘገማት ነበር፤ ሞገዱ በእርጋታ ከሥሯ እንዲያልፍ። ሞያቴስዬ ደግሞ ከዚያ በፊት ባደረገው ጉዞ ገመዶቹ ጀልባዋን አስረው ሊያስበሏት መሆኑን ሲያይ በቢላዋ ቆርጦ ጣላቸው፤ በፍጥነት፣ ሞገዱን ትንሽ ሰያፍ እየወሰደ አመለጠ። አንዱ «ቀስ በል» ይላል፣ ሌላው «ፍጠን» ይላል። ማን ልክ ነው? ሁለቱም። እያንዳንዱ የራሱን ጀልባ አይቶ፣ በፊቱ ያለውን ሞገድ አይቶ ወሰነ። ሁለቱም ያልተደራደሩበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የነፈሰውን ነፋስ ነፈሰ አሉ።

ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ እንምጣ። ኒኮላስ ቶማሊንና ሮን ሆል በ1970 የዶናልድ ክሮኸርስትን እንግዳ የመጨረሻ ጉዞ ጻፉ። ክሮኸርስት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚፈለስፍ፣ ድርጅቱ እየተንገዳገደበት የነበረ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ባሕር የሚያውቀው በእረፍት ቀናት ነበር። ገንዘብ የሚሰጠው ሰው አገኘ፤ ውሉ ግን ጠንካራ ነበር። ጉዞውን ካቋረጠ ጀልባዋን መልሶ የመግዛት ግዴታ ይወድቅበታል፤ ይህ ማለት ኪሳራ ነው። ትሪማራን፣ ማለትም ሦስት አካል ጎን ለጎን የተያያዘላት ጀልባ፣ በጥድፊያ ተሠራችለት። እንዲህ ያለችው ጀልባ ፈጣን ናት፤ አንዴ ከተገለበጠች ግን አትቃናም። ጥቅምት 31 ቀን 1968፣ በሕጉ በተፈቀደው በመጨረሻው ቀን፣ ከቲንመዝ ወደብ ተነሣ። ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ገሚሱ መሬት ላይ ቀርቷል። የእኛ ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይል የለ? ሳምንታት ሳይቆይ ይፈታ ጀመር። ውኃ ይገባል፤ ውኃውን የሚያወጣበት ቱቦ የለም።

በኅዳር አጋማሽ ላይ ክሮኸርስት ቁጭ ብሎ የጀልባውን ጉድለት አንድ በአንድ ጻፈ። ያ ገጽ ከሁሉም ገጾቹ በላይ ንጹህ ነው። በዚህች ጀልባ ወደ ደቡባዊው ውቅያኖስ መግባት ሞት እንደሆነ ተረድቷል። መመለስ ደግሞ ውርደትና ኪሳራ ነው። እዚያ ላይ ሦስተኛ መንገድ አገኘ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይሄድ መሄድ። በታኅሣሥ፣ በአንድ ቀን 243 የባሕር ማይል ሄድኩ ብሎ በሬዲዮ አሳወቀ። ጋዜጦች ጮቤ ረገጡ። ዳኞቹን የሚመራው ቺቸስተር ተጠራጥሮ ነበር። ጭብጨባ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ጥርጣሬ ማን ይሰማል?

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። ሌሎቹ ዓለምን ሲዞሩ እሱ አትላንቲክ ላይ ይንከራተታል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረታችን ወንዙንም ዋሾውንም እንደሚነካ ታውቃላችሁ፤ ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል። እንዳይታወቅበት ሬዲዮውን ለወራት ዘጋ። በመጋቢት አርጀንቲና ውስጥ አንድ ጭር ያለ ቦታ ተደብቆ ወርዶ ጀልባዋን ጠገነ፤ ይህም በሕጉ የተከለከለ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ ይሠራ ነበር። ማድመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሩቅ ጣቢያዎችን የአየር ጠባይ ዘገባ ይቀዳ ነበር። እሱ የሌለበት ባሕር ላይ ምን ነፈሰ? ባሮሜትሩ ስንት ነበር? ይህን ካልያዘ የውሸት መዝገቡ አይቆምለትም። ከፀሐይ ከፍታ ተነሥቶ ቦታን ማስላት ለባሕረኛ የዕለት ሥራ ነው። ካልነበሩበት ቦታ ተነሥቶ የፀሐይን ከፍታ ወደ ኋላ ማስላት ግን ሊቅነት ይጠይቃል። ክሮኸርስት ሊቅ ነበር። እውነተኛውን ጉዞ ለመጓዝ ያነሰው ጉልበት የውሸቱን ለመጓዝ አላነሰውም።

የቶማሊንና የሆል መጽሐፍ ትልቁ ችሎታ ይህን ገጽ በገጽ ማሳየቱ ነው። ጸሐፊዎቹ አይሳደቡም፣ አያለቃቅሱም፤ ቁጥሩን ከቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ክሮኸርስት፣ እንደነሱ ግምት፣ ማሸነፍ እንኳ አልፈለገም ነበር። መዝገቡን ማንም የማያገላብጥለት የተከበረ ተሸናፊ ሆኖ ቢገባ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ናይጀል ቴትሊ የሚባል ሌላ ተወዳዳሪ፣ ክሮኸርስት ከኋላዬ እየደረሰብኝ ነው ብሎ የተጎዳች ጀልባውን ከአቅሟ በላይ ገፋት። ግንቦት 21 ቀን 1969 ጀልባዋ አዞርስ አካባቢ ተሰባብራ ሰጠመች፤ እሱ ተረፈ። አስተውሉ፣ ይህ ሰው የተሸነፈው በሌለ ጀልባ ነው። ውሸት ባለቤቱን ብቻ ነው የሚጎዳው የሚሉ ሰዎች ቴትሊን ይጠይቁልኝ። አሁን የፍጥነት ሽልማቱ ለክሮኸርስት ሆነ፤ መዝገቡም ሊመረመር ነው። ከተማው የአቀባበል ዝግጅት ላይ ሳለ እሱ ካቢኔው ውስጥ ስለ ጊዜና ስለ አምላክ ሺህ በሺህ ቃላት ይጽፍ ጀመር። የመጨረሻው ጽሑፉ የሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ 10 ቀን አንዲት መርከብ ጀልባዋን ባዶዋን ስትንሳፈፍ አገኘቻት። እውነተኛውን ጉዞ የሚያሳዩት መዛግብት በቦታቸው ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን የምወቅስበት አለኝ። ጸሐፊዎቹ ውድድሩን ያዘጋጀው ጋዜጣ ሰዎች ናቸው። ምርመራቸው ሐቀኛ ነው፤ የማስታወቂያውንም ወከባ አላለፉትም። ሚዛኑ ግን በመጨረሻ የሚያዘነብለው ወደ አንድ ሰው ጭንቅላት ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ «እንዴት አበደ?» ይላል። ሊጠይቅ የሚገባው «ማን በውሸቱ ተጠቀመ?» ብሎ ነበር። ያን የ243 ማይል ወሬ የጓጓለት ማን ነው? ባዶ መልእክት ሲልክ ቦታ ጨምሮበት፣ ቀን ጨምሮበት ያሳተመው ማን ነው? ክሮኸርስት ብቻውን አልዋሸም። እሱ ነፋሱን አልነፈሰም፤ ሸራውን የወጠሩለት ግን ብዙዎች ናቸው።

«ታዲያ የእንግሊዝ ባሕረኛ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በዚያው በ1969 የበጋ ወራት፣ በዚያው በአትላንቲክ ላይ፣ ከጣና የተቆረጠ ደንገል ይንሳፈፍ ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት «ራ» የተባለችውን ጀልባ ያሠራት በእኛው ደንገል ነው። የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ይዛ ግንቦት 25 ቀን ከሞሮኮ ተነሣች። አልደረሰችም። የኋላ ጫፏ ውኃ እየጠጣ ሰመጠ፤ ደንገሉ ተበታተነ፤ ሐምሌ ላይ ጥለዋት ወጡ። ሄየርዳልስ ምን አደረገ? ተሰበረች አለ። ለምን እንደተሰበረችም መረመረ። ጥንታዊ ግብፃውያን በሥዕላቸው ላይ ያሳዩትን፣ የኋላውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ እንደ ጌጥ ቆጥረው ጥቅሙን ሳያስተውሉት ኖሯል። በዓመቱ፣ በ1970፣ «ራ ሁለት» ተሠራች፤ ደንገሉ እንደገና የኢትዮጵያ ነው። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

እንግዲህ አነጻጽሩ። የተመዘገበ ውድቀት ሁለተኛ ጀልባ ወለደ። የተደበቀ ውድቀት ባዶ ጀልባ ተወ። ልዩነቱ የጀግንነት አይደለም፤ ሁለቱም ሰዎች ደፋሮች ናቸው። ልዩነቱ አንደኛው ሲመለስ «አልቻልኩም» የሚልበት ቦታ መኖሩ ነው። ለሌላኛው ያ ቦታ አልነበረውም፤ ቤቱ፣ ድርጅቱ፣ ስሙ ሁሉ ተይዞ ነበር።

ስለዚህ ነው ይህ ታሪክ የሩቅ ታሪክ የማይመስለኝ። «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ያልሰማ ማን አለ? አንዳንዱ እንዲያውም መቶ አሥር በመቶ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሰው ሌባ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጀልባዋ ውኃ እንደምታስገባ ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ጉድለቱን ሁሉ በንጹህ ገጽ የዘረዘረ ሰው ነው። ከዚያ ግን ያንን ገጽ የሚቀበለው ያጣል። አለቃው የሚፈልገው 243 ማይል ነው። ከአለቃው በላይ ያለውም እንዲሁ። ታች ያለው ያልነፈሰ ነፋስ ይቀዳል፤ ላይ ያለው ያጨበጭባል፤ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ምስኪን ቴትሊ የዚያን ሰው ቁጥር እደርስበታለሁ ብሎ ጀልባውን ይሰብራል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንላለን፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይሰማል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ በከፊል። ውድድሩ በ2018 እንደገና ሲጀመር ተወዳዳሪዎች በሴክስታንትና በወረቀት ካርታ እንዲጓዙ ተደርጎ፣ ጀልባዎቻቸው ግን የት እንዳሉ በሳተላይት የሚያሳይ መሣሪያ ተገጠመላቸው። በ2022 የተነሣችውና በ2023 ያሸነፈችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር፣ መንገድ ላይ ጀልባው የሰጠመችበትን ፊንላንዳዊ ተወዳዳሪ ለማዳን አቅጣጫዋን ቀይራ ሄዳ አውጥታዋለች። ይህን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቦታን የሚያሳየው መሣሪያ አንድ ሰው የት እንዳለ ይነግረናል፤ ሲጨነቅ «ተመለስ፣ ምንም አይደል» የሚለውን ግን አይልለትም። እሱን ማለት ያለበት ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰውም ያኔ አልጠፋም። ክሮኸርስት ሲሞት ሚስቱና አራት ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የፍጥነት ሽልማቱ፣ ሌላ የጨረሰ ስለሌለ፣ ለኖክስ ጆንስተን ሆነ። ያ ደረቅ ጸሐፊ፣ ያ የጥጥና የስንጥቅ ሰው፣ ከማንም በላይ የመቆጣት መብት ነበረው። እሱ ዝናብ እየጠጣ እውነተኛውን ባሕር ሲያቋርጥ ሌላው በሬዲዮ ሊቀድመው ነበር። 5,000 ፓውንዱን ተቀበለና ለክሮኸርስት ቤተሰብ ሰጠ። ጋዜጣ አንባቢው ሁሉ በሟቹ ላይ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ያ ነፋስ በእርግጥ ሲነፍስ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ሰው አልፈረደም።